የእርግብ ቤቱ ተሳቢ

ብራንት፣ ካንሳስ
ኤፕሪል 6 ቀን 1987

ለተከበሩ ሚስተር ሃግስትሮም፣

ከዚህ ወረቀት ጋር የሚያገኙት ፖስታ የራስዎ ነው። አልከፈትኩትም። ለልጄ ለዌንደል የጻፉት ነው፤ እኔ ደግሞ በሕይወት እያለም ደብዳቤውን ከፍቼበት አላውቅም። ፖስታው የደረሰው ፌብሩዋሪ 24 ቀን ነበር። ዌንደል ያረፈው በ19 ነው።

ከዚያ በኋላ ያለ ፖስታ የላኩትን ካርድ ግን አንብቤዋለሁ። ካርድ ስለሆነ ዓይኔ ሳላዘው አነበበው። «ምነው ዝም አልክ? በጻፍኩት ተቀየምክ እንዴ?» ብለውታል። አልተቀየመዎትም ሚስተር ሃግስትሮም። አላነበበውም።

ልቡ ነው። አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር። ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ «ዛሬ ነፋሱ ክፉ ነው እማ፣ አትውጪ» ብሎኝ መኪናውን ሊያሞቅ ወጣ። ከዚያ በላይ መጻፍ አልችልም።

ይህንን ለመጻፍ ስድስት ሳምንት ስለፈጀብኝ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ እጄም ቀርፋፋ ነው።

ዌንደል ስለ እርስዎ ብዙ ያወራ ነበር። «በዚህ አገር ሙሉ፣ የእርግብ ቤት ተሳቢ ያለን ሰዎች እኔና ሚኔሶታ ያለው ሃግስትሮም ብቻ ነን» ይል ነበር። ሠራዊቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእርግብ ቤት በመኪና ይጎትት ነበር ብዬ ለጎረቤቶች ስነግራቸው ይስቁብኛል። «እርግብ? በጦርነት?» ይላሉ። እኔም ወስጄ አሳያቸዋለሁ። መልእክት የሚያደርሱት ወፎች የሚያድሩበትን ሣጥን፣ ሲመለሱ የሚያርፉበትን ሰሌዳ፣ ወታደሩ የሚቆምበትን ጠባብ መተላለፊያ አሳያቸዋለሁ። ያኔ ጎንበስ ብለው ይገባሉ።

የተሳቢው እድሳት አልቋል። ዌንደል ዊስኮንሲን ውስጥ በኦገስት ለሚደረገው የአሮጌ ጦር መኪኖች ስብሰባ ተመዝግቦ ነበር፤ የመመዝገቢያው ወረቀት መሳቢያው ውስጥ ነው። እኔ እወስደዋለሁ። ስድስት መቶ ማይል ነው። የማላውቀው ነገር ካለ ይንገሩኝ።

አክባሪዎ፣
ቬርና ስታኪ


ሚኔሶታ
ኤፕሪል 18 ቀን 1987

ውድ ሚስስ ስታኪ፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ፖስታዬ ሳይከፈት ሲመለስ አድራሻ ተሳስቼ ነው ብዬ ነበር። ወረቀትዎን ሳነብ ባለቤቴ ከወጥ ቤት መጥታ፣ «ምን ሆነህ ነው ቆመህ የቀረኸው?» አለችኝ።

ዌንደልን ያገኘሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የጻፈልኝ ደብዳቤ ግን አንድ ካርቶን ሞልቷል። ስለ አንድ ማጠፊያ ብቻ አራት ገጽ የሚጽፍ ሰው ነበር። እኔም አራት ገጽ እመልስለታለሁ። ሌላ ማን ይሰማናል?

ስለተመለሰው ደብዳቤ አይጨነቁ። የሁለት ሰዎች የብሎንና የዳዶ ወሬ ነው። አስቀምጬዋለሁ።

ወደ ስብሰባው ይውሰዱት። ሁሉም ሊያየው ይገባል። ግን ከመጎተት ይልቅ በሎቤድ መኪና ጀርባ ላይ ጭነው ቢወስዱት እመክራለሁ። ተሳቢው አሮጌ ነው፤ መንገዱ ረጅም ነው፤ እርስዎም ሐዘን ላይ ነዎት። ከእናንተ አካባቢ የሚጭን ሰው ላፈላልግ እችላለሁ።

ባለቤቴ ሰላምታ ታቀርባለች።

ኦርቪል ሃግስትሮም


ብራንት
ሜይ 4 ቀን 1987

ለሚስተር ሃግስትሮም፣

ሳይጠይቁኝ ልንገርዎት፦ ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ዓይኔ ደህና ነው። በስንዴ አጨዳ ወቅት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእህል መኪና ነድቻለሁ፤ ባለቤቴ ማጨጃውን፣ እኔ መኪናውን። ተሳቢ ይዞ ወደ ኋላ መሄድ ግን ሌላ ትምህርት ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞር እሱ ወደ ግራ ይሄዳል። እሑድ ከሰዓት ሰው ሲበተን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ እለማመዳለሁ። የፓስተሩን አጥር አንድ ጊዜ ነክቻለሁ። አሁን አልነካም።

ስለ ሎቤድ ያሉትን አነበብኩ። ሌላ ሰው ቢለኝ አልቀየምም ነበር። የባለቤቴ ወንድም ክላይድም ይለዋል።

«ቬርና፣ አሞሻል እንዴ? ያንን የዶሮ ቤት ጎትተሽ ዊስኮንሲን?»

«የእርግብ ቤት ነው።»

«ለዶሮውም ለእርግቡም ሎቤድ አለ!»

ክላይድ የዚህን ሥራ ወግ አያውቅም። እርስዎ ግን ያውቃሉ። ዌንደል ከስብሰባ ሲመለስ የሚነግረኝ መጀመሪያ ማን በራሱ ጎማ እንደመጣ፣ ማን ተጭኖ እንደመጣ ነበር። ተጭኖ የሚመጣውን «ሙሽራዋ መጣች፣ ጫማዋ ጭቃ እንዳይነካው!» እያሉ ነው የሚቀበሉት። ልጄ ሰባት ዓመት የደከመው እንዲህ እንዲሉት አይደለም።

ሲያገኘው ኦክላሆማ ውስጥ በአንድ የቱርክ ዶሮ አርቢ ግቢ ነበር። ጎማው ተነቅሎ፣ ጣሪያው ሰምጦ፣ ውስጡ እስከ ጉልበት ኩስ ነበር። ኩሱን በአካፋ ያወጣነው እኔና እሱ ነን። የበሰበሰውን ኮምፔንሳቶ አንድ በአንድ እየለካ ቀየረው። ውጪው ላይ አምስት ዓይነት ቀለም ነበረው። ሌላ ሰው ቢሆን ፍቆ ይጥለዋል። እሱ ግን ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ እያስነካ፣ አንዱን ቀለም ካንዱ እየለየ፣ ክረምቱን ሙሉ አሸው። መብራት የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ከአምስተኛው ቀለም ሥር ነጩ የሠራዊት ቁጥር ብቅ ሲል፣ «እማ፣ ስሙን ነገረኝ!» አለ። ከዚያ ቁጥር አንዱን ስንኳ ከራሱ ፈጥሮ አልጻፈም።

ይህ ነው በሎቤድ ጫኚው የሚሉኝ። አልጭነውም።

ቬርና ስታኪ


ብራንት
ጁን 2 ቀን 1987

ለሚስተር ሃግስትሮም፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሦስት ገጽ ነው። «ሎቤድ» የሚለውን ቃል አራት ጊዜ ጽፈውታል፤ ቆጠርኩት። በራስዎ ወጪ መኪና ልከው ሊያስጭኑልኝ እንደሚፈልጉም ጽፈዋል። አመሰግናለሁ፤ አልፈልግም።

ጥሩ ሰው እንደሆኑ አውቃለሁ። ዌንደል በከንቱ ሰው አይወድም። ስለዚህ ተቀምጬ አሰብኩ። አርባ ዓመት ተሳቢ ሲጎትት የኖረ ሰው፣ ሌላውን «ጫነው» ብሎ የሚለምነው ምን አይቶ ነው?

ሁለት ነገር መጣልኝ። አንዱ፣ ሴትዮዋ አሮጊት ናት፣ አትችልም ብለው ነው። ይህ ከሆነ በግልጽ ይበሉኝ፤ እቆጣለሁ፣ ከዚያ ይወጣልኛል። ሌላው፣ ያ ያልከፈትኩት ፖስታ ነው። የብሎንና የዳዶ ወሬ ነው ብለውኛል። ለብሎንና ለዳዶ ወሬ ግን ሰው «ተቀየምክ ወይ?» ብሎ ካርድ አይልክም።

ልጄ የሠራው ነገር ውስጥ የማላውቀው ነገር ካለ፣ የማወቅ መብት አለኝ። እባክዎ ፖስታውን መልሰው ይላኩልኝ። አሁን እከፍተዋለሁ።

ቬርና ስታኪ


ሚኔሶታ
ጁን 11 ቀን 1987

ውድ ሚስስ ስታኪ፣

ፖስታው ይኸውና። ከእሱ በፊት ግን ይህንን ያንብቡ፤ እዚያ የጻፍኩት ለጓደኛ ነው፣ ቃሌ ሸካራ ነው።

በዚያ ዘመን በተሠሩት የጦር ተሳቢዎች ላይ የቀኙ ጎማ ዳዶ እንደማንኛውም ዳዶ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። የግራው ግን ተቃራኒ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። እንዲህ የተደረገው ጎማው ወደ ፊት ሲሽከረከር ዳዶውን ይበልጥ እያጠበቀው እንዲሄድ ነው። ስለዚህ ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ የቀኝና የግራ አለው። ከተገላበጡ፣ ጎማው በሄደ ቁጥር ዳዶውን እየፈታው ይሄዳል።

ዌንደል በጃንዩዋሪ የላከልኝን ፎቶ በአጉሊ መነጽር አየሁት። ሞዞዎቹ የተገላበጡ መሰለኝ። የጻፍኩለት ይህንን ነው። «አንተ ከብት፣ ግራና ቀኝህን ሳትለይ ነው የምታገባው?» ብዬዋለሁ። እንደ ወትሮው እንዲስቅ ነበር። ለሞተ ሰው እንደጻፍኩት ሳውቅ ምን እንደተሰማኝ አልነግርዎትም።

ከዚያ በኋላ ለእናቱ «ልጅሽ ተሳስቷል» ብዬ እንዴት ልጻፍ? ሎቤድ ላይ ከወጣ ጎማው አይዞርም፤ ጎማው ካልዞረ እርስዎም ሳይጎዱ፣ ስህተቱም ሳይታወቅ ይቀራል ብዬ አሰብኩ። ስለ እርስዎ አቅም አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም። ይህ ሽማግሌ ይቅርታ ይጠይቅዎታል።

እኔም አድርጌዋለሁ። በ1958 አንዲት የውኃ ተሳቢ እየጎተትኩ ስሄድ አንድ ጎማ በግራዬ ቀድሞኝ አለፈ። «የማነው ምስኪን ጎማ የወለቀበት?» አልኩ። ከዚያ ከኋላዬ ብረት አስፋልቱ ላይ ሲንጫጫ ሰማሁ። የኔው ነበር።

ለማረጋገጥ የብሎኑን ጫፍ ይጥረጉት። የግራ ብሎን ጫፍ ላይ «ኤል» የምትል ፊደል ተቀርጻለች። በቀኙ ጎማ ላይ ካገኟት፣ ተገላብጧል ማለት ነው፤ ሞዞዎቹን ሲያለዋውጡ አሮጌውን የግራሶ ቅባት በጋዝ አጥበው፣ የጎማውን ኩሽኔታዎች በመዳፍዎ አዲስ ይሙሏቸው። እኔ ተሳስቼ እንዲሆን እጸልያለሁ።

ኦርቪል ሃግስትሮም


ብራንት
ጁን 30 ቀን 1987

ለሚስተር ሃግስትሮም፣

ሳልመልስልዎ የቆየሁት ተቆጥቼ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በእርስዎ ተቆጣሁ። በሁለተኛው በዌንደል። ከዚያ ጨርቅና ጋዝ ይዤ ሄጄ የቀኙን ጎማ ብሎን ጠረግሁ።

ፊደሏ አለች። በስድስቱም ላይ።

እዚያው ጋራዡ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቱን ሞዞ ቀብቶ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው ነበር። ሲገጥማቸው ብርዱ ብረት ይሰነጥቅ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ ነበር የሚሠራው። መብራቱን የያዝኩለት እኔ ነበርኩ። እኔም አላየሁም።

አዲስ ነገር እንዳይመስልዎት፦ ይህ ልጅ ትምህርት ቤት እስኪገባ ጫማውን አገላብጦ ነበር የሚያደርገው። «ዌንደል፣ እግርህን እየው» እለዋለሁ። ያያል፤ ያያልና «ልክ ነው» ይለኛል። አባቱ ይስቃል። እዚያ ወለል ላይ ተቀምጬ ይህ ትዝ አለኝና ሳቅኩ። ከፌብሩዋሪ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ አለቀስኩ። እሱ የመጀመሪያዬ አይደለም።

ልፈታው አልፈለግኩም። እውነቱን ልንገርዎት፤ እነዚያን ዳዶዎች መጨረሻ ያጠበቃቸው እጅ የእሱ ነው። ከእሱ በኋላ ማንም አልነካቸውም። ክላይድም መጥቶ አየና፣ «ተይው ቬርና። የሞተ ሰው ሥራ አይነካም። ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋል?» አለኝ።

«የሞተ ሰው ስህተት የቆመ ሰው ይገድላል» አልኩት። «መንገድ ላይ ከኋላዬ የሚመጣው የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም። ና ክሪኩን ያዝልኝ።»

ያዘልኝ። የዳዶውን ቁልፍም ነጥቆኝ፣ «ይሄ የወንድ ሥራ ነው» ብሎ በቀኙ ጎማ በኩል ተንበረከከ። ፊቱ እስኪቀላ ታገለ።

«ክላይድ፣ እያጠበቅከው ነው።»

«ሰባ ዓመቴን ዳዶ ስፈታ የኖርኩ ሰው ነኝ!»

«በተቃራኒው አዙረው።»

«እንዲህ የሚዞር ዳዶ እግዚአብሔር አልፈጠረም!»

«ሠራዊቱ ፈጥሯል። አዙረው።»

አዞረው። ጧ ብሎ ተፈታ። ክላይድ ተነሥቶ ቁልፉን በእጄ አስያዘኝና፣ «እንግዲህ አንቺው ሥሪው» አለኝ። የቀሩትን እኔ ፈታሁ፤ ግን ሳይሄድ አጠገቤ ቆሞ ዳዶ ሲቀበለኝ ዋለ።

ሞዞዎቹን አለዋውጬ በየቦታቸው ገጠምኳቸው፤ ስለ ግራሶው የነገሩኝንም አድርጌያለሁ። አሮጌውን በጋዝ አጥቤ አዲስ አስገባሁ፤ ኩሽኔታዎቹን እንዳሉት በመዳፌ ሞላኋቸው። ጎማውን አንሥቼ በጣቴ ሳሽከረክረው ድምፅ የለውም። በአንደኛው የሞዞ ክዳን ውስጥ ግን ዌንደል ግራሶ ሲቀባ የጣቱ መንገድ ቀርቶ ነበር። ግልጽ ሆኖ ይታያል። እሱን አልጠረግሁትም፤ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩትና ለጎማው ሌላ ክዳን ገጠምኩ። ይህ ስህተት ከሆነ ይንገሩኝ፤ እሰማዎታለሁ፤ አላደርገውም።

የጻፉለትንም ደብዳቤ አነበብኩት። «አንተ ከብት» የሚለውን ሁለት ጊዜ። እናቱ ነኝና ልቆጣ ይገባኝ ነበር። ልጄን እንደዚያ ደፍሮ የሚሰድብ ጓደኛ እንደነበረው ግን አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ።

በኦገስት መጀመሪያ እነሣለሁ።

ቬርና ስታኪ


ዊስኮንሲን፣ ከስብሰባው ሜዳ
ኦገስት 9 ቀን 1987

ውድ ኦርቪል፣

በስምዎ እንድጠራዎ ጽፈውልኛልና ይኸው ጠራሁዎት። አልለመደኝም፤ ቀስ እያልኩ እለምደዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ዳሌዎ። ለምን አልነገሩኝም? እዚህ ደርሼ ሜዳውን ሙሉ ፈለግሁዎት። «ሃግስትሮም? ዳሌውን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ተኝቷል፣ አልሰማሽም?» አለኝ የማላውቀው ሰው። እርስዎ ክፉ ክፉውን የሚደብቁኝ ሰው ሆኑብኝ። ከዛሬ ጀምሮ ይህ ይቅር። እኔ ክፉውን ሰምቼ ነው እዚህ የደረስኩት።

አራት ቀን ፈጀ። በሰዓት ከሠላሳ አምስት ማይል በላይ አልነዳሁም። በየሃምሳው ማይል እየቆምኩ፣ እንዳስተማሩኝ፣ በእጄ ሞዞዎቹን ነካሁ። ለብ ብለዋል እንጂ አልጋሉም። ዳዶዎቹንም በቁልፍ ሞከርኩ። አንዱም ንቅንቅ አላለም። አዮዋ ውስጥ ግማሽ ቀን ዘነበብኝ። ጣሪያው አንድ ጠብታ አላስገባም፤ ገብቼ በእጄ ዳሰስኩት። ሌላውን ስንገናኝ እነግርዎታለሁ፤ ብዙ ነው።

በሩ ላይ አንድ ጢማም ሰውዬ አስቆመኝ። በመስኮቱ አየኝና ከኋላዬ ሰው ፈለገ።

«ማዘር፣ ሹፌሩ የታለ?»

«እያነጋገርከው ነው።»

ሳቀ። ከዚያ ወግ ነው አሉ፣ በተሳቢው ጭቃ መከላከያ ሥር እጁን አስገባ። ጭቃ ሞልቶት ወጣ። የት እንደነካኝ ጠየቀኝና ለጓደኞቹ ከፍ አድርጎ አሳያቸው፣ «እዩት! የአዮዋ ጭቃ ነው!» ብሎ ጮኸ። ወደ ላይኛው ሜዳ፣ ዛፎቹ ሥር፣ በራሳቸው ጎማ የመጡት ወደሚቆሙበት ላከኝ። ተጭነው የመጡት ታች ፀሐይ ላይ ናቸው። ኦርቪል፣ በሕይወቴ ብዙ ቦታ ገብቻለሁ፤ እንደዚያ ዳገት ቀና ብዬ የወጣሁት ግን የለም።

ሰዉ ቀኑን ሙሉ ከበበው። ቁጥሩን፣ ሰሌዳውን፣ የሣጥኖቹን ማጠፊያ አዩ። ዌንደልን የሚያውቁት ኮፍያቸውን አወለቁ። እድሳቱን የሚመዝን አንድ ዳኛ በባትሪ ከሥሩ ገብቶ ረጅም ጊዜ ቆየና ወጥቶ፣ «ሚስስ ስታኪ፣ ልጅዎ እንከን የለውም። አንድም ስህተት አላገኘሁም» አለኝ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ስድስት መቶ ማይል የነዳሁት ይህንን ቃል ለመስማት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አለ። እኔም ራሴ እንደዚያ አስብ ነበር።

«ነበረበት» አልኩት። «ሞዞዎቹን አገላብጦ ነበር የገጠማቸው። በጁን እኔ አስተካከልኳቸው።»

ዳኛው ባትሪውን አጠፋ። ከዚያ ከኋላ አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ «እኔም አገላብጬ ኢንዲያና ድረስ ሄጃለሁ!» አለ። ሌላው፣ «አንተስ ደርሰሃል፤ የኔ ጎማ ሐይቅ ውስጥ ነው የገባው» አለ። «የኔ ላም ገደለ!» «ውሸታም፣ ላሟ ራሷ ሞታ ነው!» ከዚያ በኋላ ወሬውን ማን ያስቆመው። እኔም የእርስዎን፣ በግራ ቀድሞ ያለፈውን ጎማ ነገርኳቸው። ፈቃድ አልጠየቅሁዎትም። እስኪያነባቸው ሳቁ። «ዌንደል ግን ይሄንን ቢሰማ» ይላሉ፣ «ዌንደል ግን እንዲህ ይል ነበር» ይላሉ። ከቀብሩ ወዲህ ስለ እሱ ሰው ድምፁን ሳይቀንስ ሲያወራ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እንከን የሌለው ልጅ የእኔ ብቻ ነበር። ሞዞ ያገላበጠው ግን የሁላቸው ነው። በዚያኛው ይበልጥ ኮራሁ።

ማምሻውን ዳኛው ተሳቢው ላይ የሚለጠፈውን ካርድ ይዞ መጣ። በታይፕ የተጻፈ ነው። «የሠራው፦ ዌንደል ስታኪ» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ያመጣው፦ ዌንደል ስታኪ፤ በእሱ ፈንታ እናቱ» ይላል። ጥሩ አስቦ ነው የጻፈው። አነበብኩትና መለስኩለት።

«የታችኛውን ሰርዘው» አልኩት።

«ምን ስህተት አለው?»

«እሱ የሠራውን ሠርቷል፤ የላይኛው ይበቃዋል። ያመጣሁት ግን በማንም ፈንታ አይደለም።»

አየኝ። እስክሪብቶውን አውጥቶ ሰረዘውና፣ «ሙሉ ስም?» አለኝ።

«ስጠኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ» አልኩት። ቀስ ብዬ ጻፍኩት። እንደሚያውቁት እጄ ቀርፋፋ ነው። ቆሞ ጠበቀኝ።

ቬርና ሉዊዝ ስታኪ